«ቅኝ ብንገዛ ኖሮ» ለሚሉ ወንድሞቻችን

በምግብ አዳራሽ፣ በመኝታ ቤት፣ በመማሪያ ክፍል በር ላይ ቆመን መምህር ስንጠብቅ አንድ ንግግር ደጋግመን እንሰማለን። «ቅኝ ተገዝተን ቢሆን ኖሮ መንገዱም፣ ባቡሩም፣ የውጭ ቋንቋውም በኖረን ነበር» የሚል ነው። ከሚናገሩት አንዳንዶቹ ቀልደው ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ከልባቸው ነው። በቅርቡም ከክርክር መድረክ ላይ ሲነገር ሰምተነዋል፤ ያጨበጨበም ነበር።

ይህን ንግግር በስድብ መመለስ አንወድም። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ አገሩን የጠላ ሰው ሳይሆን ድኽነቷ ያንገፈገፈው ሰው ነው። «ባንዳ» ብሎ አፉን ማስያዝ ይቻላል፤ ዳሩ ግን ዝም ያለ ሰው ሁሉ አመነ ማለት አይደለም። በዓድዋ ድል መፎከርም መልስ አይሆንም፤ ጥያቄው አሸነፍን ወይ የሚል ሳይሆን ብንሸነፍ ኖሮ ምን እናገኝ ነበር የሚል ነውና። የዚህ መልስ የሚገኘው ከተሸነፉት ዘንድ ነው። ስለዚህ ወደ አንድ አገር እንሂድ፤ ወደ ኮንጎ።

ኮንጎን የመረጥነው በከንቱ አይደለም። «ለሥልጣኔ መጣን» የሚለው ቃል በእኛ ግምት እንደ ኮንጎ ጮክ ብሎ የተነገረበት አገር የለም። የተፈጸመውም ሁሉ በገዥዎቹ ወረቀትና በዘመኑ ምስክሮች ቃል ተመዝግቦ ይገኛል። ከዚህም በላይ የእኛው ወታደሮች በ1960 ወደዚያ ዘምተዋል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

የቤልጅግ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ በ1876 የጂኦግራፊ ሊቃውንትንና አሳሾችን ወደ ብሩክሴል ጠርቶ አንድ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነበር፤ ዓላማው የባሪያ ንግድን ማጥፋትና ሳይንስን ማስፋፋት ነው ተባለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስታንሊ የተባለው አሳሽ በንጉሡ ደመወዝ ወደ ኮንጎ ወንዝ ተላከ። እርሱና ባልደረቦቹ ከየአካባቢው ባላባቶች ጋር በመቶ የሚቈጠሩ ውሎችን ተፈራረሙ። ባላባቶቹ ማንበብ በማይችሉት ቋንቋ ተጽፎ በቀረበላቸው ወረቀት ላይ ምልክት አደረጉ፤ በምላሹ ጨርቅና መጠጥ ተሰጣቸው፤ መሬታቸውና የሰዎቻቸው ጉልበት ሄደ። ውጫሌን ያነበበ ተማሪ ይህን ዓይነት ውል በደንብ ያውቀዋል፤ ልዩነቱ የእኛዎቹ የራሳቸው ቋንቋ ቅጂ በእጃቸው ስለ ነበረ ተንኰሉን መያዝ መቻላቸው ነው።

ከኖቬምበር 1884 እስከ ፌብሩዋሪ 1885 በበርሊን ጉባኤ ተደረገ። 14 መንግሥታት ተቀመጡ፤ ከአፍሪቃ አንድም ሰው አልነበረም። በዚያው ወራት መንግሥታቱ የሊዮፖልድን ማኅበር እንደ መንግሥት አወቁለት፤ በ1885ም «ነፃ የኮንጎ መንግሥት» ተብሎ ታወጀ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ኮንጎ የቤልጅግ ቅኝ አገር አልሆነችም፤ የአንድ ሰው ርስት ነው የሆነችው። ቤልጅግን ሰባ ስድስት ጊዜ ያህል የምታጥፍ አገር፣ ባለቤቷ አንድ ቀን እንኳ ረግጧት የማያውቅ ርስት ሆነች።

አዲሱ ባለርስት መጀመሪያ ካወጣቸው ድንጋጌዎች አንዱ ባለቤት የሌለው መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው የሚል ነበር። ቃሉ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ባለቤት የሌለው ተብሎ የተወሰደው ምን ነበር? ገበሬው ሦስት ዓመት አርሶ እንዲያገግም የተወው እርሻ፣ ሰው የሚያድንበት ዱር፣ መድኃኒትና ማገዶ የሚለቀምበት ጫካ ነው። ጎጆ የተሠራበትና ዛሬ የሚታረሰው መሬት ብቻ የሕዝቡ ሆኖ ቀረ። በእኛ አገር ጠፍ መሬት ሲባል ምን ያህል ሰው እንደሚነካ የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ጫካው የንጉሡ ከሆነ በጫካው ውስጥ ያለው የዝሆን ጥርስም ጐማም የንጉሡ ነው፤ ለሌላ ነጋዴ የሸጠ ኮንጎዊ ሌባ ነው።

ጐማውን ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። በ1888 ደንሎፕ በአየር የሚነፋ የብስክሌት ጐማ ሠራ፤ ቀጥሎ አውቶሞቢል መጣ፤ ለኤሌክትሪክ ሽቦ መሸፈኛም ጐማ ተፈለገ። ዓለም ሁሉ ጐማ ጐማ አለ። በእስያ የተተከለው ዛፍ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ በኮንጎ ጫካ ግን የጐማ ሐረግ ሳይተከል በቅሎ ይጠብቅ ነበር። የጐደለው የሚለቅመው ሰው ብቻ ነበር። ሰው ደግሞ የራሱን እርሻ ትቶ በረግረግ ጫካ ውስጥ ሳምንታት እየሰነበተ ሐረግ ለመቍረጥ በፈቃዱ አይሄድም። ስለዚህ በየመንደሩ ግዴታ ተጣለ፤ ይህን ያህል ኪሎ በዚህ ቀን ተባለ። የመንግሥትና የኩባንያ ሹሞች ከደመወዛቸው ሌላ በሚሰበስቡት ጐማ ልክ ጉርሻ ይቈረጥላቸው ነበር።

ወንዶቹ ወደ ጫካ እንዲገቡ ሚስቶቻቸውን ይዞ ማገት የተለመደ ሥራ ሆነ። ጐማው ሲመጣ ሴቲቱ ትለቀቃለች፤ ካልመጣ በእስር ቤት በረኀብ ትሞታለች። የጐደለበት ሰው በጉማሬ ቆዳ አለንጋ ይገረፋል። እንቢ ያለ መንደር ላይ «ፎርስ ፑብሊክ» የተባለው ጦር ይዘምታል። የጦሩ አለቆች ነጮች፣ ወታደሮቹ ጥቁሮች ናቸው፤ ጥቁሮቹም ጥይት በከንቱ እንዳይተኩሱ ለእያንዳንዱ ጥይት ከሟቹ ሰው የተቈረጠ ቀኝ እጅ እንዲያመጡ ይጠየቁ ነበር። ጥይቱን ለአደን የተጠቀመበት ወታደር ሒሳቡን ለማሟላት ከሕያው ሰው እጅ ቈረጠ። የተቈረጡ እጆች በቅርጫት ተሰብስበው፣ እንዳይበሰብሱም በጢስ ደርቀው ለሹም ይቀርቡ ነበር።

ይህን የምንጽፈው አንባቢን ለማስደንገጥ አይደለም። ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ «የጥቂት ጨካኞች ሥራ ነው» ይላሉ፤ ነገሩን በቅርብ ያየ ሰው ግን ከጭካኔ ይልቅ ሒሳብ ነው የሚያየው። ጥይት ወጪ ነው፤ እጅ ደረሰኝ ነው። ሹሙ በቤቱ ደግ አባት ሊሆን ይችላል፤ ጉርሻውን የሚሰጠው መዝገብ ግን ደግነትን የሚያስገባበት ዐምድ የለውም። ኢምፔሪያሊዝም የክፉ ሰዎች ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግ ሰው በመሾም በተድበሰበሰ ነበር።

ሕዝቡ ያለቀው በጥይት ብቻ አይደለም። ወንዱ በጫካ፣ ሴቲቱ በእስር ሲሆኑ እርሻ ዐደረ፤ ረኀብ ገባ፤ በተራበና በተሰደደ ሕዝብ ላይ የእንቅልፍ በሽታና ፈንጣጣ ወረደ፤ ልጅ መውለድም ቀነሰ። በዚያ ዘመን የሕዝብ ቈጠራ ስላልነበረ የታሪክ ሊቃውንት በሟቾቹ ቍጥር አይስማሙም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት አሥር ሚሊዮን ይደርሳል። በመቶ ሺዎች ብቻ ነው የሚል ግን ከቁም ነገረኞቹ አንድም አላገኘንም።

ዓለም ይህን እንዴት ዐወቀ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እንወዳለን፤ ለተማሪ የሚሆን ነገር አለበትና። ጆርጅ ዋሽንግተን ዊልያምስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ አገሩን ዞሮ ካየ በኋላ በ1890 ለንጉሡ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ የሰማው ጥቂት ነው። ዊልያም ሼፐርድ የተባለ ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ በ1899 በጢስ ላይ የተሰጡ 81 እጆችን ቈጥሮ መሰከረ። በሊቨርፑል ደግሞ ኤድመንድ ሞሬል የሚባል የመርከብ ኩባንያ ጸሐፊ ነበር። ኮንጎን አይቶ አያውቅም። ሥራው ከኮንጎ ወደ አንትወርፕ የሚመላለሱትን መርከቦች ጭነት መመዝገብ ነበር። መርከቦቹ ሲመጡ ጐማና የዝሆን ጥርስ ጢም ብለው ይመጣሉ፤ ሲመለሱ ግን የሚጭኑት በብዛት ጠመንጃና ጥይት ነው፤ የንግድ ዕቃ ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ሞሬልም ይህን ሁሉ ጐማ ያመጣው ሰው ምን ተከፈለው ብሎ ራሱን ጠየቀ። ምንም አልተከፈለውም። እንግዲያው የባርያ ሥራ ነው። ከወደብ ጽሕፈት ቤት ወንበር ሳይነሣ፣ መደመርና መቀነስ ብቻ በማወቅ እዚህ ደረሰ። ሥራውን ለቆ በ1904 ከእንግሊዙ ቆንሲል ከሮጀር ኬዝመንት ጋር የኮንጎ ማሻሻያ ማኅበርን አቋቋመ። ኢኮኖሚክስ ምን ይሠራል እያሉ ለሚያላግጡ ጓደኞቻችን ይህን ታሪክ በስጦታ ሰጥተናቸዋል።

ኮንጎዎቹም ዝም ብለው አልሞቱም። አምፀዋል፤ ሸሽተዋል፤ መስክረዋል። በነቀፋው ብዛት ሊዮፖልድ ራሱ በ1904 መርማሪ ኮሚሲዮን ለመላክ በተገደደ ጊዜ ሎንቱሉ የሚባል ባላባት ቀርቦ 110 ጭራሮ በኮሚሲዮኑ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። አንዱ ጭራሮ ስለ ጐማ የተገደለ አንድ የመንደሩ ሰው ነው። ይህ ባላንባራስ ነበር፣ ይህ ሰው፣ ይህች ሴት፣ ይህ ሕፃን እንደማለት ለየብቻ ከፍሎ ስም እየጠራ አስቀመጣቸው። ኮሚሲዮኑ የንጉሡ ምርጫ ቢሆንም የሰማውን ሊደብቅ አልቻለም።

በ1908 ቤልጅግ ኮንጎን ከንጉሧ ተረከበች። ያለ ዋጋ አልነበረም፤ ዕዳውን ከመሸከሟ ሌላ ስለ ኮንጎ የከፈሉትን መሥዋዕትነት ለማመስገን ተብሎ 50 ሚሊዮን ፍራንክ ለንጉሡ ተመደበ። ርክክቡ ከመድረሱ በፊት የኮንጎ መንግሥት መዝገብ በብሩክሴል ስምንት ቀን ሲቃጠል ሰነበተ።

እዚህ ላይ ተከራካሪያችን ይነሣል። «የምትሉት የአንድ ስግብግብ ንጉሥ ታሪክ ነው፤ እኛ የምንለው ከዚያ በኋላ ስለ መጣው ሥርዓት ያለው አገዛዝ ነው» ይለናል። ጥሩ፤ ወደዚያው እንሂድ። የተሠራውንም አንክድም። በ1950ዎቹ በቤልጅግ ኮንጎ የሆስፒታሉና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ብዛት ከብዙዎቹ የአፍሪቃ አገሮች ይበልጥ ነበር። የባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ከተማ ተቈርቁሯል።

ሐዲዱ ወዴት ነበር የሚሄደው? ከማዕድን ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ወደብ። ኮንጎዊ ከኮንጎዊ ጋር እንዲገበያይ ተብሎ አልተዘረጋም። የመጀመሪያው ሐዲድ፣ ከማታዲ እስከ ሊዮፖልድቪል ያለው፣ ከ1890 እስከ 1898 ሲሠራ ለሥራ የመጡ ሰዎች በበሽታና በአደጋ ረግፈውበታል። የካታንጋን መዳብ የያዘው ዩኒዮን ሚኒየር በ1906 ተቋቋመ፤ እንግሊዛዊው የሳሙና ነጋዴ ሌቨር በ1911 ሰፊ የዘምባባ ጫካ ተሰጠው፤ ከ1917 ጀምሮ ደግሞ ገበሬው በግድ ጥጥ እንዲዘራ ተደረገ፤ ዋጋውንም የሚወስነው መንግሥት ነበር። በ1931 የፔንዴ ሰዎች የዘምባባ ፍሬ ዋጋ ወድቆ ግብሩ ሳይወርድ ሲቀር ተነሡ፤ በመቶዎች ተገደሉ። በ1941 በኤሊዛቤትቪል የዩኒዮን ሚኒየር ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ሥራ ቢያቆሙ የተመለሰላቸው ተኩስ ነው። በ1945 በሂሮሺማ ላይ የወደቀው ቦምብ ዩራኒየም አብዛኛው ሺንኮሎብዌ ከምትባል የካታንጋ ጉድጓድ የወጣ ነበር። ቆፋሪው ምን እንደሚቈፍር የነገረው የለም።

ወደ ትምህርቱ እንመለስ፤ እኛን በቀጥታ የሚነካን እርሱ ነውና። ትምህርቱ ማንበብ፣ ትምህርተ ሃይማኖት፣ አናጢነት፣ የጽሕፈት ሥራ ነበር። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ቄስ ይሆናል። ሎቫንየም የሚባለው ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1954 ነው፤ ነፃነት ሊታወጅ ስድስት ዓመት ሲቀረው። በ1960 ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያላቸው ኮንጎዎች ሠላሳ አይሞሉም ነበር። በጦሩ ውስጥ አንድም ኮንጎዊ መኮንን አልነበረም። ከ1885 ቢቈጠር ሰባ አምስት ዓመት ገዝተው ማለት ነው! ይህን ጋዜጣ በእጁ የያዘ ተማሪ ቤልጅጎች በገዙት ምድር ተወልዶ ቢሆን ኖሮ አሁን የሚጠራጠርበትን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚበቃ ክፍል ባልደረሰ ነበር። ኤርትራን በገዛው ጣሊያን ዘመንም የአገሬው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይሄድ ተከልክሎ እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። የተማረ አገልጋይ ይፈለጋል፤ የተማረ ሰው ግን አይፈለግም።

ፈረንሳይኛ ተምረው ክራቫት ያሰሩት ጥቂቶች «ኤቮልዌ»፣ ማለት ወደ ሰውነት የተለወጡ፣ ይባሉ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ለእነዚህ የመልካም ጠባይ ካርድ ወጣ። ካርዱን ለማግኘት መርማሪ ወደ ቤታቸው ይመጣል፤ ባልና ሚስት በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ ወይ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ፣ ልጆቹ እንዴት ለብሰዋል ብሎ ይመረምራል። አዋቂ ሰው፣ የልጆች አባት፣ ሰው መሆኑን በምስክር ወረቀት ለማግኘት ድስቱን ከፍቶ ያሳያል። በ1958 በብሩክሴል በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን የኮንጎ መንደር ተሠርቶ ሰዎች ለትርዒት ተቀመጡበት፤ ጐብኚዎች ሙዝ እየወረወሩ ሲሳለቁባቸው ጥለው ሄዱ። በዚያው በቤልጅግ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሩዋንዳ በ1930ዎቹ ለእያንዳንዱ ሰው ሁቱ ወይም ቱትሲ የሚል መታወቂያ ታደለ፤ በ1994 በየኬላው ቆመው ሰው ሲያርዱ የነበሩት የሚጠይቁት መታወቂያ ያንኑ ዓይነት ነበር። መንገዱን የሚቈጥር ሰው ይህንንም አብሮ ይቍጠር።

የነፃነቱም ነገር እንዲሁ ነው። በ1955 አንድ ቤልጅጋዊ ፕሮፌሰር ኮንጎ በሠላሳ ዓመት ነፃ እንድትወጣ ሐሳብ ቢያቀርብ በአገሩ ሰዎች ዘንድ እንደ እብድ ታየ። በጃንዋሪ 1959 ሊዮፖልድቪል ተናወጠች፤ በዓመቱ በብሩክሴል ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ከዚያ በአምስት ወር ውስጥ፣ ጁን 30 ቀን 1960 ነፃነት ታወጀ። በበዓሉ ላይ ንጉሥ ቦድዌን የሊዮፖልድን ብልኅነት አመሰገኑ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓትሪስ ሉሙምባ በፕሮግራሙ ላይ አልነበረም፤ ተነሥቶ ስለ ግዳጅ ሥራው፣ ስለ ስድቡና ስለ ተነጠቀው መሬት ተናገረ። በአውሮጳ ጋዜጦች ዘንድ ባለጌው እርሱ ሆነ።

ከበዓሉ አምስት ቀን በኋላ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ጃንሰንስ ወታደሮቹን ሰብስቦ ከነፃነት በፊትና ከነፃነት በኋላ አንድ ነው ብሎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈላቸው። ጦሩ ዐመፀ። የቤልጅግ ጦር ገባ። ጁላይ 11 ቀን ካታንጋ ከነመዳቧ በሞይዝ ቾምቤ መሪነት ተገነጠለች፤ የቤልጅግ መኮንኖችና የዩኒዮን ሚኒየር ገንዘብ ከኋላዋ ነበሩ። ነፃነቱ ሊታወጅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ኩባንያዎች ወደ ቤልጅግ ሕግ እንዲዛወሩ የሚፈቅድ ሕግ በብሩክሴል ወጥቶ ነበር። ባንዲራው ወረደ፤ ካዝናው ግን አስቀድሞ ተጓጕዟል። ሉሙምባ ተይዞ ለጠላቶቹ ለካታንጋዎች ተላልፎ ተሰጠ፤ በጃንዋሪ 17 ቀን 1961 በ35 ዓመቱ ተረሸነ። ሬሳው በአሲድ ሟሟ። በ2001 የቤልጅግ ፓርላማ መርማሪዎች አገራቸው የሞራል ኀላፊነት እንዳለባት መሰከሩ፤ ከሬሳው የተረፈው አንድ ጥርስ፣ በአንድ ቤልጅጋዊ ፖሊስ ቤት ተቀምጦ የኖረው፣ ለቤተ ሰቡ የተመለሰው በ2022 ነው።

የእኛም ወታደሮች በዚህ ሁሉ መካከል ነበሩ። በ1960 የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሲዘምት የኢትዮጵያ ብርጌድ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር፤ ከ1962 እስከ 1963ም የጦሩ ሁሉ አዛዥ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። በዘመቻቸው እንኰራለን። ነገር ግን ሉሙምባ የተገደለው ያ ጦር በአገሩ ውስጥ ሳለ መሆኑን ሳንጠቅስ ብናልፍ ለራሳችን ማዳላት ይሆንብናል።

ከዚያ በኋላ ሞቡቱ መጣ። ከ1965 እስከ 1997 ገዛ፤ በ1971 የአገሪቱን ስም ዛኢር አለው። ሁሉንም በቤልጅግ አመካኝተን ሞቡቱን ነፃ አናወጣም፤ የዘረፈ ዘርፏል። ነገር ግን መንግሥት ማለት ከሕዝብ ወስዶ ወደ ውጭ የሚልክ፣ የሚጠይቀውን የሚገርፍ ዕቃ መሆኑን ሞቡቱ ከአያቶቹ አልተማረም። በፎርስ ፑብሊክ ውስጥ የሥር ሹምነት ማዕርግ ይዞ ያደገ ሰው ነበር። ዛሬም ለስልካችን ባትሪ የሚሆነው ኮባልት ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከዚያው ከካታንጋ ምድር ነው፤ ከቆፋሪዎቹም መካከል በእጃቸው የሚቈፍሩ ሕፃናት አሉ። መንገዱ ዛሬም ወደ ወደብ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 በያዘን ጊዜ መንገድ መሥራቱ እውነት ነው፤ ጦሩንና ስንቁን የሚያመላልስበት መንገድ ሠራ። የዚያው ዘመን ሌላው ገጽ ደግሞ በ1937፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 በአዲስ አበባ የተጀመረው ጭፍጨፋ ነው። በዚያን ሰሞን እየተለቀሙ ከተረሸኑት መካከል ወደ ውጭ አገር ተልከው ተምረው የተመለሱት ወጣቶች ነበሩበት። እንደ እኛ ያሉ ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ ጸሐፊና አስተማሪ ፍለጋ ስትንከራተት የኖረችው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ሳሩን አይቶ ገደሉን የሳተውን በሬ የምንተርተውን ያህል አስፋልቱን አይተው መቃብሩን ለሚስቱት ተረት አላወጣንላቸውም።

ድኽነታችን አለመገዛታችን ያመጣው ቢሆን ኖሮ ታይላንድም ከጎረቤቶቿ ሁሉ ድኻ በሆነች ነበር፤ አይደለችም። ኮንጎም ተገዝታ በበለጸገች ነበር፤ ከዓለም ድኾች አገሮች አንዷ ናት። የእኛ ድኽነት የራሱ ምክንያት አለው፤ ጭሰኛው ከምርቱ ለባለርስት ሲያካፍል የኖረበት የመሬት ሥርዓት አለ፤ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 የሆነ ባርነት አለ፤ ከዚያም ወዲህ የመጡ ጦርነቶችና የመንግሥት ስሕተቶች አሉ። «አልተገዛንም» የሚለው ኵራት ይህን ሁሉ መሸፈኛ ሲሆን ደስ አይለንም። ወንድማችንን «ቅኝ ብንገዛ ኖሮ» ያሰኘው እኮ እኛው ነን፤ ስለ ጭሰኛው ሲጠይቀን ስለ ዓድዋ እየነገርን።

አንድ ነገር እንጨምር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ስኮላርሺፕ በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይማሩ ነበር። ከእኛ ተማሪዎች ይልቅ እነርሱ በፖለቲካ የነቁ፣ በስብሰባ መናገርና ማኅበር ማቋቋም የለመዱ ሆነው ተገኙ፤ የእኛዎቹ ብዙ ነገር ከእነርሱ ተማሩ። ተከራካሪያችን ይህን ይዞ «ያው፣ መገዛታቸው አነቃቸው» ሊለን ይችላል። ያነቃቸው ግን ገዥው አይደለም፤ ገዥውን ለማስወጣት ያደረጉት ትግል ነው። ማኅበሩንም ጋዜጣውንም ያቋቋሙት እየታሰሩ ነው። ይህን ትግል ለማድረግ ደግሞ የግድ እንግሊዝ አያስፈልግም፤ በአገር ውስጥም የሚታገሉት ነገር አይጠፋም።

የክርክር ክበባችን በሚቀጥለው ወር ይህንኑ ርዕስ እንዲያቀርብ ጠይቀናል። «ቅኝ ብንገዛ ኖሮ» የሚሉ ጓደኞቻችን በሌላኛው ወገን እንዲቆሙ እንለምናለን፤ ማንም አያፌዝባቸውም። ሲመጡ ግን ስለ አንድ የተገዛ አገር ሦስት ነገር ይዘው ይምጡ፤ ሐዲዱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ ገዥው ሲወጣ ስንት ዲግሪ ያለው የአገር ልጅ እንደ ነበረ፣ የማዕድኑም አክሲዮን በማን እጅ እንደ ቀረ። ስም ማስመዝገቢያው ወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል።